ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፦ ጅማ ላይ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ አንድ ሃይላንድ ይዞ በሬን አንኳኳ። እስከ ግማሹ ድረስ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለበት። ወረቀቱ ተልጧል። ሴራሚክ ያነጠፈለት ልጅ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ደረጃ ሥር ረስቶት የሄደ ነው። «ቲቸር፣ ይሄ ውሃ ነው ወይስ ያ አሲድ?» አለኝ። ሊያሸተው ክዳኑን መፍታት ሲጀምር እጁን ያዝኩት።

የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ስለዚህ አሲድ ክፍል ውስጥም፣ ሰፈርም፣ ሄርማታ ገበያ ደርሼ ስመለስ መንገድ ላይም እጠየቃለሁ። ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ምንድን ነው?

ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የሚገኝ ፈሳሽ ነው። ጋዙ ቀለም የለውም። አፍንጫና ጉሮሮን ግን ወዲያው ይቆነጥጣል። ውሃን ደግሞ በጣም ይወዳል፤ አንድ ሊትር ውሃ በክፍል ሙቀት ከ400 ሊትር በላይ የዚህን ጋዝ መዋጥ ይችላል።

ላቦራቶሪ ውስጥ የምናገኘው ኃይለኛው ዓይነት በክብደት 37 በመቶ ገደማ ጋዝ አለው። ቀሪው ውሃ ነው። አንድ ሊትሩ 1.18 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ክዳኑ ሲከፈት ነጭ ጭስ ቡልቅ ይላል። ጭስ እንበለው እንጂ የሚቃጠል ነገር የለም። የሚያመልጠው ጋዝ አየር ላይ ያለውን እርጥበት ይዞ ጭጋግ ስለሚሆን ነው። የጅማን ክረምት የምታውቁ ሰዎች አየሩ ምን ያህል ርጥብ እንደሆነ አልነግራችሁም። ሐምሌ ላይ ጠርሙሱን ስከፍት ጭሱ ከጥር ይልቅ ወፍሮ ይታየኛል።

ሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከዚህ ቀጠን ያለ ነው። አንዳንዱ ወደ ቢጫ ይወስደዋል። ቢጫው የሚመጣው በአብዛኛው ከገባበት ብረት ነው። አሲዱ ራሱ ቀለም የለውም።

ከየት ነው የሚመጣው?

ከጨው። ይህን ስናገር ተማሪዎቼ አያምኑኝም። ድሮ ሄርማታ ገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር የነበረው አሞሌ፣ ዛሬ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው፣ ሁለቱም ሶዲየም ክሎራይድ ናቸው። በዚያ ስም ውስጥ ያለችው «ክሎራይድ» ናት የአሲዱ ግማሽ አካል። ጨው ላይ ሰልፈሪክ አሲድ ሲፈስበት ጋዙ ይወጣል፣ ጋዙን ውሃ ውስጥ መያዝ ነው። አውሮፓውያን «የጨው መንፈስ» ይሉት የነበረው ለዚህ ነው።

ዛሬ ፋብሪካዎች ሃይድሮጅንን በክሎሪን ውስጥ አቃጥለው ያገኙታል። ከዚያ የበለጠው ግን ፕላስቲክና ሌሎች ኬሚካሎች ሲመረቱ በተረፈ ምርትነት የሚወጣ ነው።

አንድ ታሪክ ልጨምር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የማጠቢያ ሶዳ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ይህን ጋዝ በጭስ ማውጫ ዝም ብለው ይለቁት ነበር። ዛፉም ሰብሉም ደረቀ። እ.ኤ.አ. በ1863 ሕግ ወጣ፤ ፋብሪካዎቹ ጋዙን 95 በመቶ እንዲይዙ ተገደዱ። ሜዳ ላይ ሲጣል የነበረው ነገር ከዚያ በኋላ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ።

የባትሪ አሲድም እሱ ነው?

አይደለም። የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ሰው ሁለቱንም «አሲድ» ብሎ ስለሚጠራቸው ይምታታል። ጠባያቸው ግን ይለያያል። የባትሪው አይጨስም፣ አይሸትም። ልብስ ላይ ቢንጠባጠብ ውሃው ይተናል፣ አሲዱ ግን እዚያው ይቀራል፤ በማግስቱ ልብሱ ተበሳስቶ ታገኙታላችሁ። ሃይድሮክሎሪክ ግን ጋዝ ስለሆነ ይተናል፤ በአቅራቢያው ያለውን ሁሉ የሚያዝገውም በዚሁ ጠባዩ ነው።

የጎረቤቴን ሃይላንድ እንዴት እንደለየሁት ልንገራችሁ። ጓንትና መነጽር አድርጌ ወደ ጓሮ ወሰድኩት። ነፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ ክዳኑን ፈታሁ። በእንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልዬ አሞኒያ ነክሬ ወደ አፉ አስጠጋሁ። ወዲያው ወፍራም ነጭ ጭስ ተጥመለመለ። ያ ጭስ አሞኒየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ነው፤ ሁለት ጋዞች አየር ላይ ተገናኝተው ጠጣር ሲሆኑ ማለት ነው። በማግስቱ ትምህርት ቤት ጥቂቱን በውሃ አቅጥኜ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ አደረግኩበት። እንደ ረጋ ወተት ነጭ ሆነ። ሃይድሮክሎሪክ ነበር።

ይህን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። የማታውቁትን ፈሳሽ ማሽተትና መቅመስ ግን ፈጽሞ አይሁን።

«ጠንካራ አሲድ» ሲባል ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ሁሌም ይሳሳታሉ። «ጠንካራ» እና «ያልቀጠነ» አንድ አይደሉም። ጠንካራ አሲድ ማለት ውሃ ውስጥ ሲገባ ሙሉ በሙሉ የሚበታተን ነው። ሃይድሮክሎሪክ ውሃ ሲነካ እያንዳንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅኑን ይለቃል። አቼቶን ተመልከቱ። አቼቶ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ ደካማ ነው፤ ከ200 ሞለኪውሎች አንዱ ገደማ ብቻ ነው ሃይድሮጅኑን የሚለቀው። ስለዚህ አቼቶ ሰላጣ ላይ ይፈሳል፣ ያኛው አይፈስም።

በቁጥር ላሳያችሁ። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 3.65 ግራም ብቻ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ቢገባ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ 1 ይሆናል። ሎሚ ከ2 እስከ 2.5 አካባቢ ነው። ፒኤች በአንድ ቁጥር ሲወርድ አሲድነቱ አሥር እጥፍ ይጨምራል።

ምን ምን ይበላል? ምንስ አይበላም?

ብረትን ይበላል። ዚንክን ከዚያ በባሰ ይበላል። የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው። አንድ ጊዜ አሲድ ከነካው ልባሱ ይሄዳል፣ የጅማ ዝናብ ቀሪውን ይጨርሰዋል። አሉሚኒየም መጀመሪያ ዝም ይላል። ላዩ ላይ ስስ መከላከያ ሽፋን አለውና። ሽፋኑ ሲበላ ግን በኃይል ይፈላል፣ ይግላል። ስለዚህ አሉሚኒየም ድስት ውስጥ አሲድ አይጨመርም። የማይዝግ የሚባለው የላቫንዲኖና የቧንቧ ብረትም ቢሆን አያመልጥም፤ ክሎራይዱ ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይቦረቡረዋል።

ብረት ሲበላ ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል። ሃይድሮጅን በቀላሉ ይቀጣጠላል። አሲዱ ራሱ አይነድም፣ ከብረት ጋር ከሆነ ግን ሲጋራና ከሰል ይራቁ።

ኖራን፣ እምነ በረድን፣ የእንቁላል ቅርፊትንና ስሚንቶን ይበላል። ክፍል ውስጥ በጣም የምወደው ሙከራ ይህ ነው። የቀጠነ አሲድ ብርጭቆ ውስጥ አድርጌ የእንቁላል ቅርፊት እጥልበታለሁ። ቅርፊቱ መጀመሪያ ይሰጥማል። ትንንሽ አረፋዎች ይለብሰዋል። አረፋው ሲበዛበት ብድግ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ላይ ደርሶ አረፋው ሲፈነዳ ተመልሶ ይወርዳል። እንደዚህ እየወጣና እየወረደ ያልቃል። የተለኮሰ ክብሪት ብርጭቆው አፍ ላይ ሳስጠጋ ይጠፋል፤ የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነዋ። ከኋላ ወንበር ያሉት ሳይቀሩ ተነስተው ያያሉ።

ብርጭቆንና አብዛኛውን ፕላስቲክ አይበላም። መዳብን ብቻውን አይደፍርም፣ ብርንም እንዲሁ። ወርቅንማ ከነአካቴው አይነካም። ወርቅ የሚሟሟው ሦስት እጅ ሃይድሮክሎሪክ ከአንድ እጅ ናይትሪክ አሲድ ጋር ሲቀላቀል ነው። ወርቅ ሠሪዎች ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1940 ናዚዎች ኮፐንሃገን ሲገቡ ጆርጅ ደ ሄቬሲ የተባለው ኬሚስት የሁለት ባልደረቦቹን የኖቤል ወርቅ ሜዳሊያ በዚህ ድብልቅ አሟሙቶ መደርደሪያ ላይ ተወው። ወታደሮቹ አላወቁትም። ከጦርነቱ በኋላ ወርቁ ከፈሳሹ ተመልሶ ወጥቶ ሜዳሊያዎቹ እንደገና ተሠሩ።

ሴራሚክ ላይ የቀረ ስሚንቶ ያስለቅቃል?

ያስለቅቃል። መደብር ሄዶ የሚገዛው ሰው አብዛኛው ለዚሁ ነው። ግን ሴራሚኩን በንጹሕ ውሃ ቀድማችሁ አርጥቡት። ደረቅ ከሆነ በሴራሚኮቹ መሃል ያለው ስሚንቶ አሲዱን ይመጠዋል፣ ከውስጥ ይበላዋል። አንድ እጅ አሲድ ለአሥር እጅ ውሃ ይበቃል። በፕላስቲክ ባልዲ አቅጥኑት። በብሩሽ ቀብታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ፈትጉ፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። በሩና መስኮቱ ክፍት ይሁን።

እምነ በረድ ወይም ቴራዞ ወለል ከሆነ ግን እባካችሁ አታስነኩት። ቴራዞ ውስጥ ያሉት ጠጠሮች ብዙ ጊዜ እምነ በረድ ናቸው። አንጸባራቂው ወለል በአንድ ደቂቃ ይደበዝዛል፣ ተመልሶም አይመጣም። አንድ ዘመዴ አዲስ ያስነጠፈውን ሳሎን እንዲህ አበላሽቶ፣ ምንጣፍ ገዝቶ ነው የሸፈነው።

የሽንት ቤት መቀመጫ ላይ የሚጋገረውን ቢጫና ነጭ ቅርፊትም ያነሳል። ለማንቆርቆሪያና ለውሃ ማፍያ ግን ሎሚ ወይም አቼቶ በቂ ነው። ምግብና መጠጥ የሚነካ ዕቃ ላይ ይህን አሲድ ምን አመጣው?

ከበረኪና ጋር ብቀላቅለው የበለጠ ያጸዳል?

በፍጹም! ከዚህ ጽሑፍ አንድ መልስ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህንን አንብቡ።

በረኪና ውስጥ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት አለ። አሲድ ሲገናኘው ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ወታደሮችን የጨረሰው ያው ጋዝ ነው። ከአየር ይከብዳል፣ ስለዚህ ጎንበስ ብሎ የሚፈትግ ሰው ፊት ላይ ይተኛል።

ተከራይቼ የምኖርበት ግቢ ውስጥ ሆኗል። ለዓመት በዓል ጽዳት ላይ ነበርን። አንዲት እትዬ የምንላቸው ጎረቤቴ ሽንት ቤቱን በበረኪና አጠቡ። አልለቀቅ ሲላቸው ሳያጥቡት በላዩ ላይ አሲድ ደፉበት። ክፍሉ አንዲት ትንሽ መስኮት ነው ያለው፣ እሷም በካርቶን ተወትፋ ነበር። ሳላቸውን ሰምቼ ነው የሮጥኩት። በሩ ላይ ስደርስ የመዋኛ ገንዳ የመሰለ ሽታ፣ ግን አሥር እጥፍ የሚያቃጥል፣ ፊቴን መታኝ። ትንፋሼን ይዤ በክንዳቸው ጎትቼ አወጣኋቸው። ዓይናቸው ደም መስሏል፣ ድምፃቸው ጠፍቷል። ሐኪም ቤት ኦክስጅን ተደርጎላቸው አደሩ። ዳኑ፤ ዛሬም ግን ደረጃ ሲወጡ ያለከልካቸዋል።

ሁለቱም የጽዳት ዕቃ ስለሆኑ ሁለቱ ሲደመሩ ጥሩ ይመስላል። ስህተቱ የእሳቸው አልነበረም። ጠርሙሶቹ ላይ በሚያነቡት ቋንቋ የጻፈላቸው አልነበረም።

በረኪና ከተጠቀማችሁ በብዙ ውሃ አጥባችሁ ጨርሱ። አሲድ ካስፈለገ ለሌላ ቀን ይቆይ። የተደፈነ ቧንቧ ለመክፈት ኮስቲክ ሶዳ የጨመራችሁበት ላይም አሲድ አትድፉ፤ ይፈላና ፊታችሁ ላይ ይተፋችኋል። ተሳስቶ ከተቀላቀለ ውሃ ልጨምር፣ ልጥረግ አትበሉ። ውጡ። ሰው አስወጡ። በሩን ክፍት አድርጋችሁ ራቁ።

ሳቀጥነው አሲዱን ወደ ውሃ ነው ወይስ ውሃውን ወደ አሲድ?

አሲዱን ወደ ውሃ። ቀስ ብሎ፣ እያማሰሉ። አሲድና ውሃ ሲገናኙ ይሞቃሉ። አሲዱ ላይ ውሃ ካፈሰሳችሁ ላይ ላዩ በድንገት ይፈላል፣ ይረጫል። ሰልፈሪክ ላይ ይህ በጣም የከፋ ነው፣ ልማዱ ግን ለሁሉም አንድ ይሁን።

ለትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ለምትሠሩ፦ 37 በመቶው 12 ሞላር ገደማ ነው። አንድ ሊትር 1 ሞላር ለማዘጋጀት 83 ሚሊ ሊትር ለክታችሁ፣ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ውስጥ ጨምሩት፣ ሲበርድ እስከ አንድ ሊትር ሙሉት።

ሆዳችን ውስጥ ያለው እውነት እሱ ነው?

እውነት እሱ ነው። ዊልያም ፕራውት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1824 ነው ይህን ያሳወቀው። የጨጓራ ግድግዳ ላይ ያሉ ሴሎች ያመነጩታል። በባዶ ሆድ ጨጓራ ውስጥ ያለው ፒኤች ከ1.5 እስከ 3.5 ይሆናል። ከምግብ ጋር አብሮ የሚገባውን ጀርም ይገድላል። ሥጋና ባቄላ የሚፈጨው ፔፕሲን የሚባለው ኢንዛይምም ያለ አሲዱ አይሠራም።

ታዲያ ጨጓራ ራሱን ለምን አይበላም? ውስጡ በወፍራም ዝልግልግ ተለብሷል። በዚያ ዝልግልግ ውስጥ አሲድ የሚያጠፋ ባይካርቦኔት አለ። ግድግዳው ራሱም በየጥቂት ቀኑ ይታደሳል። ጉሮሯችን ግን ይህ ሁሉ የለውም። አሲዱ ወደ ላይ ሲመለስ የሚሰማን ያ ማቃጠል ነው ቃር የምንለው።

እዚህ ላይ ቡና ይመጣል። ጅማ ተቀምጦ ስለ ጨጓራ ያወራ ሰው ቡናን ሳያነሳ አይሄድም። ሰዎች «ቡና ውስጥ ክሎሮጀኒክ አሲድ አለ ይላሉ፣ እሱ ነው ይሄ?» ይሉኛል። ስሙ ነው የሚያታልለው። ክሎሮጀኒክ አሲድ ውስጥ ክሎሪን የሚባል ነገር የለም። ስሙ «አረንጓዴ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ቡናው ሲቆላም ብዙው ይጠፋል። ሲኒ ውስጥ ያለው ቡና ፒኤቹ 5 ገደማ ነው፣ ከሎሚ ጋር አይወዳደርም።

ነገር ግን ቡና ጨጓራችንን «አሲድ አምርት» ይለዋል። ስለዚህ አንዳንዱን ሰው ያቃጥለዋል፣ አንዳንዱን ምንም አይለውም። እናቴ በቀን ሦስት ጊዜ እስከ በረካ ጠጥታ ቃር ምን እንደሆነ አታውቅም። እኔ በባዶ ሆዴ አቦል ስጠጣ እስከ ምሳ ድረስ ይከነክነኛል። ቡና ቁርሱን ከቀመስኩ በኋላ ስጠጣ ግን ሰላም ነኝ። ጨጓራችሁን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ጨጓራ በሽታ ሁሉ ከአሲድ ብዛት የሚመጣ እንዳይመስላችሁ። ለብዙ ጊዜ ሐኪሞችም ጭንቀትና ቅመም ነው ይሉ ነበር። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ እንደሆነ አሳዩ። ማርሻል የሚያምነው ሲያጣ እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸለሙ። ይህ ባክቴሪያ በአገራችን በብዛት የሚታይ ነው። በምርመራ ይታወቃል፣ በአንቲባዮቲክና በአሲድ መቀነሻ ይታከማል።

ተልባ እንዴት ነው የሚሉኝም አሉ። ተልባ ዝልግልግ ስለሆነ ለጊዜው ለስለስ ሊያደርግላችሁ ይችላል። ባክቴሪያውን ግን አይገድልም። ከፋርማሲ እየገዛን በራሳችን የምንውጠው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ የጨጓራን መከላከያ ያሳሳሉ። ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስታወካችሁ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በተልባ አትቆዩ።

የጅማ አፈር አሲዳማ ነው ሲባል ይህ አሲድ አለበት ማለት ነው?

አይደለም። ይህን የጠየቁኝ አንድ አባት ናቸው፣ በቆሎአቸው ቢጫ እየሆነ አስቸግሯቸው። «ማን ነው አሲድ የደፋብን?» አሉኝ።

ማንም አልደፋም። የደፋው ዝናቡ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ይህ ውሃ ለሺህ ዓመታት ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ከቀዩ አፈራችን እያጠበ ወሰደው። በቦታቸው ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ቀሩ። አሉሚኒየሙ የሰብሉን ሥር ያጫጫል። ፎስፈረሱንም ይይዝበታል። ዩሪያና መሰል ማዳበሪያ በየዓመቱ ብቻውን ሲጨመርም አሲዳማነቱን ያብሰዋል።

መድኃኒቱ ኖራ ነው። የሚገርመው ኖራ አፈር ውስጥ የሚሠራው ሥራ ክፍል ውስጥ እንቁላል ቅርፊቱ ላይ ያያችሁት ራሱ ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔቱ አሲዱን ይዞ ያጠፋዋል። ምን ያህል እንደሚጨመር ግን አፈሩ ተመርምሮ ነው የሚታወቀው። መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልና የወረዳችሁ ግብርና ባለሙያ ለዚህ ናቸው።

እዚህ ላይ አሲዳችን አንድ መልካም ሥራ አለው። ጂኦሎጂስቶች 10 በመቶ አድርገው ያቀጠኑትን በትንሽ ብልቃጥ ይዘው ይዞራሉ። ድንጋይ ላይ ጠብ ሲያደርጉት ከፈላ የኖራ ድንጋይ ነው። ለእርሻ የተገዛ የኖራ ድንጋይ ዱቄትም እንዲሁ ይለያል። ጠብ ሲደረግበት ካልፈላ ዝም ብሎ ነጭ አፈር ሊሆን ይችላል። የተቃጠለና ውሃ የጠጣ የግንብ ኖራ ግን ሌላ ውሁድ ስለሆነ ያን ያህል አይፈላም፣ በዚህ ሰው እንዳትወነጅሉ።

ፋብሪካ ምን ይሠራበታል?

ብረት ከመለበጡ ወይም ከመሳሱ በፊት ዝገቱን ያጥቡበታል፤ ከዋና ዋና ሥራዎቹ አንዱ ይህ ነው። የፒቪሲ ቧንቧ የሚሠራበትን ጥሬ ዕቃ ለማምረት ያገለግላል። ከአጥንት ጄላቲን ሲወጣ፣ የነዳጅ ጉድጓድ ዙሪያ ያለው ድንጋይ ሲሟሟ፣ የመዋኛ ገንዳ ፒኤች ሲስተካከል ይገባበታል። ምግብ ውስጥም በጣም በጥቂቱ፣ አሲድነት ለማስተካከል፣ «ኢ 507» በሚል ቁጥር ይጠቀሙበታል። ቆርቆሮ የሚበይዱ ሰዎች ደግሞ ዚንክ ቁራጭ ከተውበት በኋላ የሚበየደውን ቦታ ለማጽዳት ይቀቡታል።

ቆዳ ወይም ዓይን ቢነካ ምን ላድርግ?

ውሃ። አሁኑኑ፣ ብዙ፣ የሚፈስ ውሃ። የነካውን ልብስ እያወለቃችሁ ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት ተመልከቱ፤ የደነገጠ ሰው ሁለት ደቂቃን አሥራ አምስት ያደርጋታል። ቧንቧ ከሌለ ጀሪካን ገልብጡ። ዓይን ከሆነ ሽፋኑን በጣት ከፍታችሁ፣ ወደ ጎን አዘንብላችሁ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አፍስሱበት። ከዚያ ሐኪም ቤት።

ቤኪንግ ሶዳ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ቁስሉ ላይ አትቀቡ።  እነዚህ ሁሉ የማጠቢያውን ጊዜ ይወስዱባችኋል።

ከጠጣ አታስታውኩት። ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ደግሞ ያቃጥለዋል። ወተት ይጠጣ፣ ሶዳ ይጠጣ አትበሉ። አፉን በውሃ ያጥብ፣ ከዚያ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የጠጣበትን ዕቃም ይዛችሁ ሂዱ።

የት ላስቀምጠው? የተረፈውንስ?

በመጣበት ዕቃ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ልጅ በማይደርስበት፣ ከዓይን ከፍታ በታች፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ። ዝቅ ብሎ የሚቀመጠው ሲያወርዱት ፊት ላይ እንዳይፈስ ነው። ከበረኪናና ከብረት ዕቃ ራቅ ይበል። የትምህርት ቤታችን መጋዘን ውስጥ አሲዱ የነበረበት ቁም ሣጥን ማጠፊያው ዝጎ ዱቄት ሆኗል። አሞኒያው አጠገቡ ነበርና በዙሪያው ያሉ ጠርሙሶች ሁሉ ነጭ አቧራ ለብሰው አገኘኋቸው። ስጠርገው በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ያ አቧራ ጓሮ ላይ ያየሁት ነጭ ጭስ ራሱ ነው።

የተረፈውን ወደ አዌቱ ወንዝ ወይም ጎርፍ መውረጃ አትድፉ። በባልዲ ብዙ ውሃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ጨምሩት፣ ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በማንኪያ በማንኪያ አድርጉበት። ይፈላል። መፍላቱ እስኪቆም ቀጥሉ። አንድ ሊትር 10 በመቶ አሲድ ሩብ ኪሎ ገደማ ሶዳ ይጨርሳል። መፍላቱ ሲቆም የቀረው የጨው ውሃ ነው፤ ከብዙ ውሃ ጋር ሽንት ቤት ይፈስሳል።

የጎረቤቴንም እንዲሁ አደረግነው። ባዶውን ሃይላንድ ሦስት ጊዜ አለቀለቅኩት። የጎረቤቴ ልጅ ለቆራሌው ሊሸጠው እጁን ዘርግቶ ነበር። ቆራሌው ወስዶ ይሸጠዋል፣ የገዛው ዘይት ወይም ማር ይሞላበታል። ሚስማር አምጣ አልኩት፣ ታቹን አራት ቦታ በሳሁት።